ለአያቴ የታሰበው ፎቅ

አባቴ ብረት በያጅ ነበር። በሰፈራችን በሩን ቆልፎ የሚተኛ ሰው ሁሉ የሚቆልፈው አባቴ የበየደውን በር ነው፤ ይህን እሱ ራሱ በየሄደበት ስለሚያወራው እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። ሰው ፎቅ ሲሠራ በርና መስኮት እንዲገጥም ይጠራዋል። እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ ብዙ ሕንጻ አየ፤ አይቶ አይቶም ፎቅ መሥራት የሚያውቅ መሰለው። እኔም መሰለኝ። ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩና፣ አባትሽ የማያውቀው ነገር አለ ያለኝን ሰው ሁሉ እጣላው ነበር።

ታሪኩን ረጋ ብዬ አወራለሁ ብዬ አልዋሽም። መርጋት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ እማዬ እስከ ዛሬ «ይቺን ልጅ ወንበር ያቃጥላታል» ትለኛለች። ያን ዓመት ግን ዕረፍት ያጣሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። አባዬ፣ እማዬ፣ ቤቱ ራሱ ከነግድግዳው አልረጋም ነበር።

ነገሩ የተነሳው በአያቴ፣ በአባቴ እናት ነው። ራቅ ያለ ከተማ ብቻዋን ትኖር ነበር። ዓይኗ ደከመ፣ ጉልበቷም ከዳት፤ አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ወድቃ፣ ሰው እስኪደርስላት እዚያው መሬት ላይ መዋሏን ሰማን። አባዬ የዚያን ዕለት ምሳውን ጥሎ ተነሳ። ግቢውን ሲዞር፣ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ ሲያደርግ፣ ጣራውን አንጋጦ ሲያይ ቆየና መጥቶ ከእኔ ክፍል በላይ አንድ ክፍል እንደሚሠራና እናቱን እንደሚያመጣ ነገረን። እማዬ ደግ አደረግህ አለችው። ከልቧ ነበር፤ ያን አሁን አውቃለሁ። ከዚያ ግን ጉልበት የከዳት ሴት ደረጃውን እንዴት እንደምትወጣው ጠየቀችው።

«እሸከማታለሁ» አለ አባዬ።

መልሱ በጣም ደስ አለኝ። አያቴን አዝሎ ሲወጣና ሲወርድ ታየኝ፤ በተራዬ እኔንም እንደሚያዝለኝ አልተጠራጠርኩም። እማዬ ግን አልጨረሰችም። ፈቃዱስ? ያለ ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ፎቅ ይሠራል ወይ? አባዬ እዚህ ላይ ሳቀ። ካርታው በስሙ፣ ብረቱ የራሱ፣ ጉልበቱ የራሱ፤ በገዛ ጣራው ላይ ለመውጣት ማንን ነው የሚለምነው? እኔም አብሬው ሳቅሁ። እማዬ ሁለታችንንም አየችንና ሳህኖቹን ሰብስባ ወጣች።

ሥራው ሲጀመር ዓለሜን አየሁ። ጣራው ተነሳ፣ ፌሮ ተቆረጠ፣ በእኔ ክፍል አራት ማዕዘን ላይ አራት የብረት ምሰሶዎች ቆሙ። አባዬ ምሰሶ ላይ አይሰስትም ነበር፤ ግንበኛው ይበቃል ሲለው እሱ ሌላ ብረት ያስራል። ብረት ከበዛ ቤት አይወድቅም ብሎ ያምናል። እሱ የሚያውቀው ብረት ነው፤ ብረቱ የቆመበትን መሠረት ግን የጣለው ቤቱን የሸጠልን ሰውዬ ነበርና፣ ከመሬት በታች ያለውን ማንም አይቶት አያውቅም። ይህን ያኔ ማን ነግሮኝ! አቧራው ዳቦአችን ውስጥ ገብቶ ጥርሳችን መሃል ሲንቋቋ፣ እኔ መሰላሉን ስወጣ ስወርድ እውል ነበር።

ከላይ ሆኜ የጎረቤታችንን ግቢ ሙልጭ አድርጌ አየዋለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ቀድሞ የሞተ፣ ልጆቿ በየፊናቸው የሄዱ፣ ቀኑን ሙሉ ዳስዋ ሥር ከስፌት መኪናዋ ጋር የምትውል ሴት ናት። እኔ እትዬ እላታለሁ፣ እማዬ እኅቴ ትላታለች። አንድ ቀን ቀና ብላ አየችንና ለአባዬ፣ መስኮትህ እኮ ወደ ግቢዬ ሊያይ ነው፣ ልብስ የሚለኩ ሴቶች አሉብኝ፣ ወዲያ አዙረው አለችው። አባዬ መጋረጃ አደርግበታለሁ ብሎ ቀለደ። እሷ አልሳቀችም። ይህን ነገር ልብ በሉ፤ ኋላ ለአባዬ ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ይኸው ነው።

በዚያው ሰሞን ከአልጋዬ ራስጌ ያለው ግድግዳ ላይ አንድ ስንጥቅ ወጣ። ቀጭን ነው፤ ከኮርኒሱ ጀምሮ ወደ መስኮቱ ይወርዳል። እማዬ ዱቄት በውሃ በጥብጣ፣ የጋዜጣ ወረቀት በቀጭኑ ቀድዳ፣ በስንጥቁ ላይ አሻግራ ለጠፈችበት። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ሂጂ ተጫወቺ አለችኝ። እኔም እንግዳ ስለሚመጣ ስንጥቁን መሸፈኗ ነው አልኩ። እንግዲህ እንዲህ ከሆነ ለምን አምሮበት እንዳልለጠፈችው አልገባኝም። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት መጥታ ወረቀቱን በጣቷ ትዳስሰዋለች። አንድ ቀን መሃል ለመሃል ተቀዶ አገኘነው። እማዬ ዞር ብላ «ነክተሽዋል?» አለችኝ። በእግዚአብሔር ስም አልነካሁም አልኳት። ብነካው ደስ እንደሚላት ፊቷ ላይ ታየኝ፤ እሱም አልገባኝም።

አሁን ይገባኛል። ግድግዳው ቆሞ እንደሆነና እየሄደ እንደሆነ የሚታወቀው እንደዚያ ነው፤ ግድግዳ ከሄደ ወረቀት ይቀደዳል። ይህን ያስተማራት ማን እንደሆነ ብጠይቃት፣ ልጅነቷን ያሳለፈችበት ቤት እንደዚያ እየተሰነጠቀ መውደቁን ነገረችኝ። ሰው አልነበረበትም አለች፤ ወዲያውም ወሬ ቀየረች።

የዚያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋዬ የለም። እናትና አባቴ ክፍል ውስጥ፣ ከቁም ሳጥኑ ጎን ተወስዷል። ክፍሌን ለአያቴ ሰጡብኝ ብዬ ተነፋረቅሁ። ማንም አላባበለኝም፤ እነሱ ጓሮ ቆመው ይጨቃጨቁ ነበር። እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ብዙ ነገር ተናገረች። እኔ የሰማሁት የአባዬን መልስ ብቻ ነው።

«እናትህን አልፈልጋትም በዪና ይውጣልሽ።»

እማዬ አልመለሰችም። እኔም ዝምታዋን እንደ አዎ ቆጠርኩት። እናቴ አያቴን አትወዳትም ማለት ነው አልኩ፤ አንዱን ብወድ ሌላውን የካድኩ እየመሰለኝ ከአንዱ ወደ ሌላው እመላለስ ጀመር። እናቴ የተናገረችው ግን ስለ ስንጥቁ ነበር። አባዬ የቆየ ልስን ነው አላት፣ የቤቱ ባሕርይ ነው አላት፣ ምኑ ቅጡ። የፎቁ ወለል የሚሆነው ሶሌታ የሚሞላበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ያ ሁሉ ኮንክሪት ከክፍሌ በላይ ከፈሰሰ በኋላ ማንም ሊያነሳው አይችልም። እማዬ የምታውቀው ይህን ነበር፤ የሚሰማት ግን አጣች።

ሶሌታው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጡ። ሁለት ወንዶችና አለቃቸው የሆነች አንዲት ሴት፤ የራስ ቁር አድርጋ፣ ሜትር ይዛ፣ የግንባታ ፈቃዱን አሳየኝ አለችው። አባዬ ካርታውን አመጣላት። ይሄ የይዞታ ነው፣ የግንባታውን ነው ያልኩህ አለችው። ከአጥሩ እስከ ግድግዳው ለካች፣ አንገቷን ነቀነቀች፤ መሰላሉን ወጥታ ምሰሶዎቹን አየች፣ ቀጥሎ ክፍሌ ገብታ ስንጥቁን ብዙ ቆማ አየች። ማንም ሳይነግራት በቀጥታ እዚያ መሄዷን አባዬ ልብ አላለውም። ስትወጣ አንደኛው ሰውዬ በቀይ ቀለም የፊት ለፊቱ ምሰሶ ላይ ትልቅ ኤክስ አደረገበት።

ያን ኤክስ አውቀዋለሁ፤ የሂሳብ መምህሬ ደብተሬ ላይ የምታደርገው ነው። አባቴ ተሳስቷል ብለው አደባባይ ላይ ጻፉበት ማለት ነው። ፊቴ በእፍረት ነደደ። ክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ ልጅ፣ ኤክስ የተደረገበት ቤት በዶዘር ይደረመሳል ብሎ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት የሚባል ነገር ጆሮዬ አልገባም። ደወል ሲደወል ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በሩጫ እሄዳለሁ፣ ቤታችን ቆሞ ሳየው ደግሞ መጠበቁ ያበሳጨኛል፤ ነገ ይሆናል እላለሁ። እናቴ ለምን ላብ በላብ ሆኜ እንደምመጣ ስትጠይቀኝ ራበኝ ብዬ እዋሻታለሁ።

አባዬ ማን እንደጠቆመበት ለማወቅ ጊዜ አልወሰደበትም። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ወዲያው አጥሩ ጋ ሄዶ ልብስ ሰፊዋን ጠራት። ደም ሥሩ ተገታትሮ ነበር። ለአንድ መስኮት ብለሽ እናቴን ሜዳ ላይ አስቀረሽብኝ አላት፤ ቅር ካለሽ ፊት ለፊት አትነግሪኝም ወይ፣ ከጀርባ ሰው ያስበላል ወይ አላት። እሷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆማ ሰማችው። አፏን ልትከፍት ስትል ዓይኗ ከአባዬ አልፎ ወደ ኋላ ሄደ። እማዬ የታጠበ ልብስ በሳፋ ይዛ እዚያ ቆማ ነበር። ተያዩ። ልብስ ሰፊዋ አፏን ዘጋች፣ ዞራ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

እኔ ምን አልኩ? ዓይን አውጣ! አልኩ በሆዴ። አባቴን ያደረገችው አንሶ እናቴን ደግሞ ታፈጥባታለች። ንጹሕ ሰው እኔ አይደለሁም ይላል፤ ዝም ያለ ሰው አድርጎታል። እንደዚያ ነበር የምመዝነው።

ከዚያ አባዬ ማዘጋጃ ቤት መመላለስ ጀመረ። እየተመለሰ በእያንዳንዱ ቢሮ ያጋጠመውን እያወራ ያስቃል፣ ያስለቅሳልም። ፕላን አምጣ ይሉታል፤ ፕላን ሲያመጣ መሐንዲስ ይፈርምበት፤ መሐንዲስ ሲያገኝ የአፈር ምርመራ የት አለ፤ ፎቶ ኮፒው ደብዝዟል፣ ኃላፊዋ ስብሰባ ናት፣ ነገ ና። ቤት ውስጥ የሚያወራው ስለ ማኅተም ብቻ ሆነ። አያቴ ደግሞ በስልክ መቼ ነው የምትወስደኝ ትለዋለች፤ እሱ በቅርቡ ይልና ስልኩን ዘግቶ ግቢውን ይዞራል።

መሐንዲሱ የመጣ ዕለት ከትምህርት ቤት ቀርቼ ነበር፤ ዶዘሩን ልጠብቅ ብዬ ሆዴን አመመኝ አልኩ። ሰውየው ለአፉ ቁጥብ ነው። ከክፍሌ ጥግ ሥር አስቆፈረ። ገና ከጉልበት በታች ሳይደርስ ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘ መሆኑ ታየ፤ ሲሚንቶ የሚባል ነገር አልነካውም። መሐንዲሱ በአካፋው ጫፍ ወጋ ሲያደርገው ጭቃው ረገፈ። ከዚያ ቀና ብሎ ምሰሶዎቹን፣ ዝቅ ብሎ የክፍሌን መስኮት አየና እዚህ ማን ነው የሚተኛው አለ። አባዬ በጣቱ እኔን አሳየው።

አባዬ በማግስቱ ግራይንደሩን ይዞ ወጣ። ማንንም አላስጠጋም። የገዛ ብረቱን፣ ያን ሁሉ ተጨንቆ ያሰረውን፣ አንድ በአንድ ቆረጠው። የብረቱ ጩኸት ሰፈሩን ሲያናውጠው እኔ ጆሮዬን ይዤ፣ በኤክሱ አፍሮ ነው የሚያፈርሰው እያልኩ አለቅስ ነበር። ያፈረሰው ለእኔ ነው። ሲወርድ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ የብረት ብናኝ ገባብኝ አለ፤ እማዬም አዎ ይገባል አለችው።

አሁን የተጠቆመበት ነገር ልጁን እንዳተረፈለት አላወቀም ትላላችሁ? አውቋል። ግን አባዬ ነው። «ቢሆንም በፊት ለፊት ትንገረኝ ነበር» አለ፤ ከዚህ ቃል ንቅንቅ አላለም። እማዬ ስትሰማው የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ወጣች። ለልብስ ሰፊዋ ያዘነች መሰለኝ፤ አዛኝ መሆኗም አናደደኝ።

ማዘጋጃ ቤት በመጨረሻ የፈቀደው ጓሮ በኩል ምድር ላይ አንድ ክፍል ነው። ግን ቦታው ጠባብ ስለሆነ ወደ ልብስ ሰፊዋ አጥር ይጠጋል፤ ደንቡ ከሚለው ርቀት በታች ስለሆነ የእሷ ስምምነት ያስፈልጋል። አባዬ ይህን ሲሰማ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ደጇን አልረግጥም አለ። እማዬ ወረቀቱን አንስታ፣ እጄን ይዛ ሄደች።

ከዚያ ቀን የማስታውሰው የልብስ ሰፊዋን ቤት ሽታ ነው፤ የማሽን ዘይትና አዲስ ጨርቅ። ወረቀቱን ሳታነብ ፈረመች። እማዬ ወረቀቱን መቀበል ሲገባት ጎንበስ ብላ የሴትዮዋ ጉልበት ላይ ተደፋች፣ ስቅስቅ ብላም አለቀሰች። ልብስ ሰፊዋ አንስታ ዓይኗን በጨርቅ ቅዳጅ ጠረገችላትና ወደ እኔ እያሳየች ልጅቷ ታያለች አለቻት። እኔ እናቴን አስለመነቻት፣ እግሯ ላይ ጣለቻት ብዬ ለአባዬ ተናገርኩ። አባዬ ጥርሱን ነከሰ። ኩርፊያው ከዚያ በኋላ ድንጋይ ሆነ።

አያቴ መጣች። ክፍሏ በር ላይ የነበረችውን አንዲት እርከን እንኳ መውጣት አቅቷት አባዬ በሲሚንቶ ተዳፋት ሠራላት። ያን ቀን እኔና እማዬ ጎን ለጎን ቆመን ስናይ፣ እማዬ ወደ ጣራው ቀና ብላ አየች፣ ሳቋንም ዋጠች። አያቴ ከልብስ ሰፊዋ ጋር በአጥሩ በኩል ወዳጅ ሆነች። ልጄ ለምን ያኮርፍሻል ብትላት፣ ሥራ ይበዛበታል ብላ እንደመለሰችላት አያቴ ነግራኛለች። አያቴ በዚያች ክፍል ኖራ በዚያችው አረፈች። ልብስ ሰፊዋ ለቅሶ ስትመጣ አባዬ አቀርቅሮ አለፋት።

ይህ ሁሉ የተገለጠልኝ ባለፈው ወር ነው። የወላጆቼን ቤት ጣራ ልቀይር ብዬ ለፈቃድ ማዘጋጃ ቤት ስሄድ፣ ያው ዕረፍት የማይሰጠኝ ባሕርዬ በሰልፉ መሃል ያቁነጠንጠኝ ነበር። እማዬ አብራኝ ነበረች። የማመልከቻ መቀበያውን መስኮት ስታይ ቆይታ ልብስ ሰፊዋ ቤቷን እንደሸጠች፣ ልጆቿ ሊወስዷት እንደሆነ፣ በዚህ ሳምንት እንደምትሄድ ነገረችኝ። ቀጥላም፣ ዋጋ እንደምትጠይቅ ሴት ቀለል አድርጋ፣ «አባትሽን የጠቆምኩት እዚህ መስኮት ላይ ቆሜ ነው» አለችኝ።

ሰልፉ ሲሄድ እኔ አልሄድኩም፤ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ገፋ አደረገኝ። እማዬ ሳታቋርጥ ተናገረች። ቤታችን ሳይወድቅ ኑልን፣ የልጄ አልጋ ራስጌ ላይ ያለውን ስንጥቅ እዩልኝ ብላ ለመነቻቸው። ልብስ ሰፊዋ የሥራ ፈቃዷን ልታሳድስ መጥታ ከኋላዋ ተሰልፋ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። ታዲያ ለምን ለአባዬ አልነገርሽውም አልኳት። እናቴን አልፈለግሽም ብሎኝ የለ፣ ብነግረው ያን ነገር በገዛ እጄ እውነት አደረግሁለት ማለት ነው፤ አማቷን ላለማስገባት ባሏን የጠቆመች ሴት ልባል? አለች። ዛሬ ነገ ስትል ዓመታቱ ሄዱ። «እሷ ግን በእኔ ፋንታ ተጠልታ ልትሄድ ነው። እሱን አልችለውም።»

ቤት ስንደርስ አባዬ ምሳ እየጠበቀን ነበር። አርጅቷል፣ ጆሮው ግን ጥሩ ነው። እማዬ ሻርፗን ሳታወልቅ ቆማ ነገረችው። እኔ ወጥቼ ልሂድ ወይስ ልቀመጥ እያልኩ በሩ ጋ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። ማንኪያውን አስቀመጠና አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ ልብስ ሰፊዋ ታውቅ ነበር ወይ።

«ታውቅ ነበር። እኔን እንዳትጠላኝ ብላ ነው ዝም ያለችህ።»

አባዬ ሳህኑን ገፋ አደረገው። «የእናቴ ለቅሶ ላይ እጇን ዘርግታልኝ ነበር» አለ። «አልያዝኩትም።» ከዚያ ጫማዬን ስጡኝ አለ። ልርዳህ ስለው እጄን ገፍቶ ራሱ አሰረው፤ ጣቶቹ እየተሳሳቱበት ፈታና እንደገና አሰረ። እማዬ ልከተልህ ወይ ብላ ሳትጠይቅ ከኋላ ወጣች፣ እኔም ከእሷ ኋላ።

የልብስ ሰፊዋን በር ራሱ ነበር የበየደው፤ ሲያንኳኳው ግን እንደማያውቀው ሰው በሁለት ጣት ነው ያንኳኳው። ብዙ ቆይታ ከፈተች። አጥራ፣ ከስታ፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ ወጥቷል፤ ከኋላዋ የታሰሩ ዕቃዎች ተደርድረዋል። አባዬን ስታየው ደሟ ከፊቷ ሄደ። የበሩን ጠርዝ ያዘች።

«ማን ሞተ?» አለችው።

አባዬ እጁን ዘረጋላት።

«ማንም አልሞተም፣ እኅቴ» አላት።